ባዶ የሚመስል ብልቃጥ

የእህቴን ሥራ ለሰው ለማስረዳት ስሞክር አንድም ቀን ተሳክቶልኝ አያውቅም። «ላብራቶሪ ውስጥ ነው የምትሠራው» ስል «ደም ነው ሽንት የምትመረምረው?» ይሉኛል። «አይ፣ የሰው ሴል ታሳድጋለች» ስል ደግሞ ዓይናቸውን አፍጥጠው ያዩኝና ወሬ ይቀይራሉ። የከተማ አውቶቡስ ሾፌር የሆነው ባለቤቷ ግን መልሱን ካገኘው ቆይቷል። «ሚስቴ ሞግዚት ነች፤ የምታሳድጋቸው ልጆች በዓይን አይታዩም እንጂ» ብሎ ይገላገላል። ከዚህ የተሻለ ያስረዳ ሰው እኔም አልሰማሁ።

መሥሪያ ቤታችን ውስጥ በስሟ የሚጠራት የለም። «እትዬ ጠብታ» ነው የምትባለው። ስሙን ማን እንዳወጣላት ተረስቷል፤ ለምን እንደወጣላት ግን ሁላችንም እናውቃለን። ፒፔቷን፣ ያቺን የፈሳሽ መለኪያ ቀጭን ቱቦ፣ ይዛ ከተቀመጠች ጠብታ ትቆጥራለች፤ ስትቆጥር ደግሞ ጣሪያው ቢናድ ቀና አትልም። አንድ ቀን የእሳት አደጋ ደወል ለሙከራ ተደውሎ ሁላችንም ግቢ ወጥተን ስንቆጠር እሷ ጎደለች። ልጠራት እየሮጥኩ ሽቅብ ወጣሁ። በበሩ መስታወት በኩል ሳያት ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፤ እኔን አላየችም፣ ደወሉንም የሰማችው አይመስልም። የቆጠረችውን ቆጥራ፣ ክዳኑን ገጥማ፣ ጓንቷን አውልቃ ወጣችና «በል አሁን ይቃጠል» አለችኝ።

እኔ ታናሽ ወንድሟ ነኝ፤ በዚያው መሥሪያ ቤት የንብረት ክፍል ኃላፊ። እሷ ፎቅ ላይ፣ እኔ ምድር ቤት። የእኔ ማህተም ሳያርፍበት አንድ ጥንድ ጓንት እንኳ ወደ ላይ አይወጣም። ይህን የምለው ለመኩራራት አይደለም። እሺ፣ ትንሽ ለመኩራራትም ነው። ግን የዚህ ታሪክ ጥፋት ግማሹ የእኔ ስለሆነ ጠባዬን ቀድማችሁ ብታውቁት ይሻላል።

እህቴ እዚህ የገባችው የዛሬ ሃያ አራት ዓመት ዕቃ አጣቢ ሆና ነው። ያኔ ሴል የሚያድገው በብርጭቆ ዕቃ ውስጥ ነበር፤ ዕቃው ታጥቦ፣ በእንፋሎት ተቀቅሎ እንደገና ይሠራበታል። ሌሎቹ አጣቢዎች ሦስት ጊዜ ሲያለቀልቁ እሷ ስምንት ጊዜ ታለቀልቅ ነበር። ማንም አላዘዛትም። «ሳሙናው ይሸተኛል» ነው መልሷ። የክፍሏ አለቃ ውኃ ጨረስሽ እያለች ስትጮህባት ጆሮ ዳባ ልበስ ብላ ማለቅለቋን ቀጠለች። በዚህ መሃል የዚያን ጊዜው የላብራቶሪ ኃላፊ፣ አሁን በሕይወት የሌሉት ሽማግሌ፣ አንድ ነገር ግራ ገባቸው። ሴሎቹ አንዳንድ ሳምንት እንደ ጉድ ያድጋሉ፤ አንዳንድ ሳምንት ደግሞ ይረግፋሉ። የአጣቢዎቹን ተራ ከሴሎቹ ጋር ሲያስተያዩት የሚያድጉት እህቴ ባጠበችው ዕቃ ውስጥ ያሉት ብቻ ሆነው ተገኙ። ዓይን የማያየው የሳሙና ርዝራዥ ሴሉን ሲገድለው ኖሯል። ሽማግሌው ማጠቢያ ክፍል ድረስ ወረዱና «ልጄ፣ ነይ ተከተይኝ፤ ዕቃውን ብቻ ሳይሆን ዕቃው ውስጥ የሚያድገውንም አንቺ ያዢልኝ» አሏት። ነጭ ጋዋን ሰጥተዋት ሴል ክፍል ገባች።

ዲግሪ የላትም። እንግሊዝኛዋም ከሳጥን ላይ የተለቀመ ነው። «በቀዝቃዛ ቦታ ይቀመጥ» የሚለውን ዓይኗን ጨፍና ታነበዋለች፤ በእንግሊዝኛ «እንደምን አደርሽ» ብትሏት ግን ትደናገራለች። ሴሎቹን የተማረችው በማየት ነው፤ ሲርባቸው፣ ሲጣበቡ፣ ሲከፋቸው ታውቃለች። «ልጆቹ» ትላቸዋለች። እሁድ ጠዋት ቁርስ ላይ እያለች ድንገት ብድግ ትልና «ልጆቹ ሳይበሉ!» ብላ ቦርሳዋን ታነሳለች። የራሷ ሁለት ወንዶች ልጆች፣ ጢማቸውን አሳድገው ትዳር የያዙ ሰዎች፣ «እኛ በልተናል እማዬ» ሲሏት «እናንተን ማን ጠየቃችሁ?» ብላቸው ትወጣለች።

እንግዲህ ስለ ፕሮቲኑ ልንገራችሁ፤ ነገሩ ሁሉ በእሱ የመጣ ነው። እህቴ የምታሳድጋቸው የቆዳ ሴሎች ናቸው። ለቀዶ ጥገና የመጣ ሰው ፈቅዶ ከሰጠው ቁራጭ ቆዳ ላይ ይወሰዳሉ፤ የቃጠሎ ቁስል እንዴት እንደሚሽር ይጠናባቸዋል። ታዲያ ሴሉ ከገላ ተለይቶ ሳህን ላይ ሲቀመጥ ምግብ ቢቀርብለትም «እደግ» የሚለው የለም። ገላችን ውስጥ እደግ የሚለው አንድ ፕሮቲን ነው፤ የዕድገት ፕሮቲን እንበለው። ለላብራቶሪ የሚመጣው ግን ከሰው የተቀዳ አይደለም። የፕሮቲኑን አሠራር የያዘውን የሰው ጂን ወስደው ባክቴሪያ ውስጥ ይከቱታል፤ ባክቴሪያውም እየተራባ የሰውን ፕሮቲን ይሠራላቸዋል። እሱን አጥርተው፣ አድርቀው፣ በብልቃጥ ይልኩልናል። እህቴ «ባክቴሪያውን የሰው ሙያ አስተምረው ነው የሚያሠሩት» ብላ ስታስረዳኝ «ለእኔ ክፍል ሠራተኞችም እንዲያስተምሩልኝ ጠይቂልኝ» ብያት ነበር።

ችግሩ መጠኑ ነው። የጫማ ሳጥን የሚያክል ካርቶን ይመጣል። ስትከፍቱት ስፖንጅ፣ የበረዶ ከረጢት፣ ወረቀት፣ ሌላ ስፖንጅ፣ በመጨረሻ የትንሽ ጣት ያህል ቁመት ያላት ብልቃጥ። ብልቃጧ ውስጥ ያለው ዱቄት በክብደት ከአንድ የጨው ቅንጣት አይበልጥም። ላየው ሰው ባዶ ነው።

ባለፈው ዓመት ኦዲተር መጣ። ብልቃጧን ወደ መብራት ከፍ አድርጎ አገላበጣትና «ባዶ ዕቃ ነው እንዴ ገቢ ያደረግከው?» አለኝ። ደም ሥሬ ተገተረ። ሃያ ዓመት በዚህ ወንበር ስቀመጥ አንዲት ብሎን ጎድላብኝ አታውቅም። ብልቃጧን ነጠቅሁት፣ ዘቀዘቅኋት፣ በጥፍሬ ቂጧን ጠቅ ጠቅ አደረግኋት። ነጭ ነጥብ ውልብ ብላ ወረደችና ክዳኑ ላይ አረፈች። «ይኸውልህ!» አልኩት። በማጉያ መነጽር አይቶ ፈረመ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ደንብ አወጣሁ። የዕድገት ፕሮቲን በመጣ ቁጥር ብልቃጧን እዘቀዝቃለሁ፣ በጥፍሬ እመታለሁ፣ ነጥቧ ክዳኑ ላይ ስታርፍ አይቼ እፈርማለሁ። ማንም መጥቶ ቢጠይቅ ወዲያው እንዳሳየው ደግሞ ክዳኗን ወደ ታች አድርጌ ፍሪዘር ውስጥ አስቀምጣታለሁ። አብሮ የሚመጣውን ወረቀት በቦክስ ፋይል አስራለሁ፤ ወረቀት ከንብረት ክፍል አይወጣም። ማንም አልነገረኝም፣ ማንንም አልጠየቅሁም። በደንቤ ደረቴን ነፍቼ ነበር፤ አልዋሻችሁም።

ከስድስት ወር በፊት አንድ ወጣት ዶክተር ውጭ አገር ተምሮ መጣና የቆዳውን ጥናት ተረከበ። ጨዋ ልጅ ነው፤ ሲያስነጥሰው እንኳ ይቅርታ ይጠይቃል። እህቴን «አንተ በሉኝ» ብሎ ለምኗት አንተ ትለዋለች። በመጣ በሳምንቱ ግን «እትዬ፣ ፕሮቲኑን ማሟሟትና በትንንሽ ቲዩብ ማከፋፈል ዓይን ያደክማል፤ ይህችን ለእኔ ይተዉልኝ። እርስዎ ሴሎቹን ብቻ ይያዙ» አላት። በደግነት ነው ያለው። እሷም እሺ አለችው፤ ቤት ስትገባ ግን ለባለቤቷ «መነጽሬን አይቶ ነው» ብላ ነገረችው፤ ራቷንም በወጉ አልበላችም።

ከዚያ በኋላ ሴሎቹ ማደግ አቆሙ።

አልሞቱም። እዚያው በተቀመጡበት ዝም አሉ። ድሮ በሳምንት ሳህኑን የሚሞሉት ልጆች ሁለት ሳምንት፣ ሦስት ሳምንት ቆይተው ቦታቸው ላይ እየደከሙ ይረግፋሉ። ዶክተሩ ምግባቸውን ቀየረ፣ ሙቀት የሚጠብቅላቸውን ኢንኩቤተር አስፈተሸ፣ ሳህኑን ከሌላ ፋብሪካ በእኔ በኩል አስመጣ። ፕሮቲኑን አልጠረጠረም፤ ጊዜው አላለፈበትም፣ በገዛ እጁ ነው የሚያዘጋጀው። ሁለተኛ ዙር ተጀመረ፤ ያው። ሦስተኛ ዙር፤ ያው። ያን ጊዜ ኮሪደር ላይ ሹክሹክታ መጣ። «እትዬ ጠብታ እጇ ደከመ» ይባል ጀመር። እኔ ያለሁበት ሲደርሱ ዝም ይላሉ፤ ዝምታቸው ይበልጥ ያበግነኛል።

የአሁኗ የላብራቶሪው ኃላፊ ፕሮፌሰር ናቸው፤ ነገር ማለባበስ የማይወዱ፣ ሲናገሩ ዓይን ዓይን የሚያዩ ሴት። እህቴን አስጠሯትና «እትዬ፣ ሃምሳ ሰባት ዓመትዎ ነው። ሥራው ጥሩ ዓይንና የረጋ እጅ ይፈልጋል። ወደ ዕቃ ማጠቢያው ክፍል ቢመለሱ ያርፋሉ ብዬ የማዛወሪያ ደብዳቤ ለአስተዳደር ልኬያለሁ» አሏት። እህቴ «እሺ» ብላ ወጣች።

የዚያን ቀን ከሥራ ስንወጣ ቤቷ ሄድኩ። ጠረጴዛው ላይ አንድ ብርጭቆ ውኃና ባዶ ስኒ አስቀምጣ፣ በመድኃኒት ማንጠብጠቢያ ከብርጭቆው ወደ ስኒው ውኃ ታንጠባጥባለች። ባለቤቷ የአውቶቡስ ድርጅቱን ልብስ እንደለበሰ ፊት ለፊቷ ተቀምጧል።

«አንተ ልጅ፣ መጣህ? ና ቁጭ በል» አለችኝ። አምሳ ሁለት ዓመቴ ነው፤ ለእሷ ግን አሁንም አንተ ልጅ ነኝ። «እጄን እየው። ይንቀጠቀጣል ወይ? እውነቱን ንገረኝ፤ እንዳትሸነግለኝ።»

«አይንቀጠቀጥም፣ እትዬ።»

«እኔም ይህንኑ ስላት ነው የዋልኩት» አለ ባለቤቷ። «ሠላሳ ዓመት መሪ ይዣለሁ፤ የረጋ እጅ አውቃለሁ። አላምንህ አለችኝ።»

«አንተ ባሌ ነህ፤ ምን ልትለኝ ነው?» አለችው። ማንጠብጠቢያውን አስቀመጠችው። «ዕቃ ማጠብ አልጠላም እኮ። ዕቃ አጥቤ ነው ቤቴን ያቆምኩት። ግን የሰው ቆዳ አምነው ሰጥተውኝ በገዛ እጄ አበላሽቼው ከሆነስ? እሱን አልችለውም።» ሆድ ባሳትና ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። እኔም ሻይ እንኳ ሳልጠጣ ወጣሁ።

ጠዋት ግን ሌላ ሰው ሆና መጣች። ፕሮፌሰሯ ቢሮ ገብታ፣ ዶክተሩም ባለበት፣ ቆማ ተናገረች። «ለጥናቱ ቆዳውን ከሰጠው ሰው ሴል አንድ ቲዩብ ብቻ በጥልቅ ቅዝቃዜ ቀርቷል። እሱን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው እኔ ልያዘው። ፕሮቲኑንም እኔ ላሟሟው። ካላደገ ደብዳቤ አያስፈልገኝም፤ ራሴ ወደ ማጠቢያው እወርዳለሁ።»

ያቺ ቲዩብ ከጠፋች የስድስት ወር ጥናት አበቃለት። ፕሮፌሰሯ ዶክተሩን አዩት። ዶክተሩ ትንሽ አሰበና «ይሞክሩ። የእኔ እጅም የተለየ ነገር አላመጣም» አለ። በዚህ ብቻ ይህን ልጅ ወደድኩት።

ከፕሮቲኑም በእኔ ፍሪዘር ውስጥ አንድ ብልቃጥ ብቻ ነበር የቀረው። በምሳ ሰዓት እህቴ ልትወስደው ወረደች። ስድስት ወር ሙሉ ዶክተሩ ነበር የሚመጣው፤ ከዚያ በፊት ደግሞ ዕቃ የምልክላት በፎርም ነው። እናም ደንቤን አይታው አታውቅም። መዝገቡን አስፈርሜ ፍሪዘሩን ከፈትኩ፣ ብልቃጧን እንደተዘቀዘቀች አወጣሁና ሰጠኋት።

«ለምንድነው የዘቀዘቅከው?» አለችኝ።

ጠብቄው የነበረ ጥያቄ ነው። ስለ ኦዲተሩ ነገርኳት። እንዴት እንደምዘቀዝቅ፣ እንዴት በጥፍሬ እንደምመታ፣ ነጥቧ እንዴት ክዳኑ ላይ እንደምታርፍ በባዶ ብልቃጥ አድርጌ አሳየኋት። አድናቆት ነበር የጠበቅኩት። እህቴ ግን ካርቶን ላይ ዘጭ ብላ ተቀመጠች።

«አንተ ልጅ» አለች ቀስ ብላ። «ከብልቃጡ ጋር የሚመጣው ወረቀት የታለ?»

«ፋይል ውስጥ ነዋ! አንድም አልጠፋም።»

«ዶክተሩ አይቶት ያውቃል?»

«ወረቀት ከንብረት ክፍል አይወጣም» አልኳት ኮራ ብዬ።

ቦክስ ፋይሉን ተቀብላ ገለጠችና በጣቷ እየተከተለች አነበበች። የመጀመሪያው መስመር ላይ፣ በደማቁ፣ ከመክፈትዎ በፊት ብልቃጡን በማሽን ያሽከርክሩ ይላል። ላብራቶሪ ውስጥ ዕቃ ይዞ በኃይል የሚሽከረከር ማሽን አለ፤ በጎን የተለጠፈውን፣ ክዳን ላይ የቀረውን ዱቄት ሁሉ ወደ ታች ያወርደዋል። እህቴ ለዓመታት ሳታሽከረክር አንዲት ብልቃጥ ከፍታ አታውቅም። ስለዚህ የእኔ ደንብ በእሷ ጊዜ ጉዳት አላመጣም፤ እኔ ወደ ክዳኑ ሳወርድ እሷ ወደ ቂጡ ስትመልስ ኖረናል። ነገሩ ሲገባኝ ክው አልኩ።

ዶክተሩን በስልክ ጠራችው። እየሮጠ ወረደ።

«ዶክተር፣ ብልቃጧን ስትከፍት መጀመሪያ ምን ታደርጋለህ?»

«ክዳኑን እከፍትና ማሟሟቻውን እጨምራለሁ።»

«ሳታሽከረክር?»

«እኔ በተማርኩበት ላብራቶሪ ተሟሙቶ ነበር የሚመጣው፤ ይሄኛው ደግሞ…» አለና የእህቴን ፊት አይቶ ቆመ። «ምን ሆነናል እትዬ?»

«ክዳኑንስ የት ታደርገዋለህ?»

«እጥለዋለሁ። ቆሻሻ…» ልጁ ፊቱ አመድ መሰለ።

ማጉያ መነጽሬን አወጣሁ። ሦስታችንም ጭንቅላት ለጭንቅላት ተጋጭተን አየን። ነጭ ነጥቧ፣ እኔ ያሳረፍኳት፣ ክዳኑ ጥግ ላይ ቁልጭ ብላ ተቀምጣለች። ስድስት ወር ሙሉ ዶክተሩ ፕሮቲኑን ከነክዳኑ እየጣለ ባዶ ብልቃጥ ሲያሟሟ ኖሯል። ሴሎቹ እደግ የሚላቸው አጥተው ነው ዝም ያሉት።

ዶክተሩ አንገቱን ደፋ፤ እኔ ምድር ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ድንገት እህቴ «ይሄኔ የቆሻሻ ቅርጫቱ ቆዳ አብቅሏል!» አለችና ሳቋ አመለጣት። ካርቶኑ ላይ ሆና ጎኗን ይዛ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። ዶክተሩ መጀመሪያ ፈራ፣ ከዚያ እሱንም ያዘው። እኔ ጥፋተኛው ሳቄን ዋጥ ለማድረግ ስታገል ትን አለኝና ጀርባዬን መቱኝ።

ሳቋ ሲያልቅ ግን ፊቷ ተለወጠ። «ሴሎቹ እስኪያድጉ ለማንም እንዳትናገሩ» አለችን። «ፕሮቲኑ ኖሮም ካላደጉ ጥፋቱ የእጄ ነው ማለት ነው። ያን ጊዜ በሰው ላይ ያሳበብኩ እንዳልሆን።» እኛ የገላገልናት መስሎን ነበር።

ብልቃጧን አሽከረከረች፣ ነጥቧ ቂጡ ላይ መውረዷን አየች፣ ከፈተች። ማሟሟቻውን በጎን በኩል ቀስ አድርጋ አወረደች። አትንጣትም፤ ፕሮቲን ሲናጥ ይበላሻል። በፕላስቲኩ ላይ ተለጥፎ እንዳይቀር የሚጠብቀውን ሌላ ፕሮቲን ጠብ አደረገችበት፤ ከዚያ በሃያ ትንንሽ ቲዩብ ከፋፈለችው። የቀዘቀዙትን ሴሎች ከነቲዩባቸው ሞቅ ባለ ውኃ ውስጥ ይዛ አቀለጠቻቸውና ሳህን ላይ ዘራቻቸው። ይህን ሁሉ ዶክተሩ አጠገቧ ሆኖ በማስታወሻ ደብተር እየጻፈ ነው ያየው።

ባለቤቷ የሚነዳው አውቶቡስ አራት ሰዓት ላይ በመሥሪያ ቤታችን በር ያልፋል። ተስማሙ፤ እሱ ሲያልፍ አንዴ ጡሩምባ ይነፋል፣ እሷ በኮሪደሩ መስኮት ብቅ ብላ በእጇ ምልክት ትሰጠዋለች። በመጀመሪያው ቀን ነፋ፤ «ገና ነው» ብላ እጇን ወዘወዘች። ሁለተኛው ቀን፤ ገና ነው። በሦስተኛው ቀን ሲነፋ መስኮቱ ላይ ብትወጣም እጇን አላነሳችም። ሴሎቹ ዘርታ ባስቀመጠቻቸው ቦታ እንዳሉ ናቸው። ምሳዋን እንደያዘች መልሳ ወደ ቤት ወሰደችው። እኔም የዚያን ቀን ሁለት ጊዜ ማህተሜን ገልብጬ መታሁ።

በአምስተኛው ቀን ለአራት ሰዓት ሩብ ጉዳይ ሲሆን ስልኬ ጮኸ። «ና ውጣ» ብቻ ብላ ዘጋችው። ሽቅብ ሮጥኩ። ሃያ ዓመት በዚህ ቤት ስሠራ ሴል ክፍል ገብቼ አላውቅም ነበር፤ ጋዋን አለበሰችኝ፣ ጫማዬን በፕላስቲክ ሸፈነችልኝ፣ «ምንም እንዳትነካ» ብላ ማይክሮስኮፑ ላይ ጎንበስ አደረገችኝ። መጀመሪያ የራሴን ሽፋሽፍት ነው ያየሁት። ከዚያ ታዩኝ። እንደ ተነጠፈ የመንገድ ድንጋይ ጎን ለጎን ተጠጋግተው፣ ጫፍ ለጫፍ ተያይዘው፣ መሃል ላይ ደግሞ ጥንድ ጥንድ ሆነው ለሁለት ሊከፈሉ የተዘጋጁ።

«እነዚህ ናቸው?» አልኳት።

«እነዚህ ናቸው» አለችኝ። «ትናንት ግማሽ አይሞሉም ነበር። አየህ? አየህ ወይ?» ቀና ብዬ አየኋት፤ እየሳቀች ታለቅሳለች። «ፈርቼ ነበር እኮ፣ ወንድም ዓለም። እንዲህ ፈርቼ አላውቅም።»

ይህን ስንባባል ጡሩምባው ተሰማ። እህቴ ጋዋኗን እንደለበሰች ወደ ኮሪደሩ መስኮት ሮጠች፣ ገርበብ አድርጋ ከፈተችውና ሁለቱንም እጆቿን ወደ ላይ ዘረጋች። ከታች የሰማነው የጡሩምባ ዓይነት ተነፍቶ አያውቅም። አውቶቡሱ ቆሞ፣ ከኋላ ያሉት መኪናዎች እያንባረቁ፣ እሱ መጮሁን ቀጠለ። ተሳፋሪዎቹ በመስኮት አንገታቸውን አስግገው ምን እንደሆነ ሲጠይቁት «ልጆቹ አደጉ!» እያለ ይመልስላቸው ነበር አሉ። ግማሾቹ አጨበጨቡለት፤ አንዲት ሴትዮ «ሥራ ረፈደብኝ» ብላ ሰደበችው።

በስምንተኛው ቀን ሳህኑ ጢም ብሎ ሞላ። ፕሮፌሰሯ መጥተው ማይክሮስኮፑ ላይ ረዥም ጊዜ ቆዩ። ቀና ሲሉ «ምንድነው የተለወጠው?» ብለው ጠየቁ።

«ጥፋቱ የእኔ ነው» አለ ዶክተሩ። «ብልቃጡን ሳላሽከረክር ነበር የምከፍተው።»

«ኧረ የእኔ ነው!» አልኩ። «እኔ ነኝ ዘቅዝቄ ያስቀመጥኩት። ወረቀቱንም ደብቄያለሁ።»

«ወረቀቱን መጠየቅ ነበረብኝ» አለ ዶክተሩ።

«ብትጠይቀኝም አልሰጥህም ነበር!» አልኩት። በጥፋት መሻማት እንዲህ እንደሚጥም አላውቅም ነበር። እህቴ «ዝም በሉ፤ ልጆቹን አታስደንግጡብኝ» ብላ ገሠጸችን። ፕሮፌሰሯ ፈገግ ሳይሉ ሁላችንንም አዩን፣ ከዚያ «ደብዳቤውን አሁኑኑ ሄጄ እሰርዘዋለሁ» ብለው ወጡ።

ከአንድ ሰዓት በኋላ ሲመለሱ በእጃቸው ሁለት ወረቀት ይዘዋል፤ ፊታቸው ልክ አይደለም። አንደኛው ያው የማዛወሪያ ደብዳቤ ነው። አስተዳደር ክፍል ሥሩ ላይ በእጅ ጽፎበታል፦ «የተጠቀሱት ሠራተኛ ቀድሞውንም በዕቃ አጣቢነት መደብ ላይ ስለሚገኙ ወደዚያው ማዛወር አላስፈለገም።»

ሁላችንም አነበብነው። ሽማግሌው ጋዋን ሰጥተው አስገቧት እንጂ ለአስተዳደር የጻፈ ሰው አልነበረም። ከእሳቸው በኋላ የመጡትም አንዳቸው መዝገብ ገልጠው አላዩም። እኔ የሰው ብሎን ስቆጥር የኖርኩት እንኳ የእህቴን መደብ አላውቅም።

«እትዬ» አሉ ፕሮፌሰሯ፤ ድምፃቸው ዝቅ አለ። «ስንት ተመራማሪ ከእጅዎ ተምሮ ወጣ። እኔም ከአጠገብዎ ስምንት ዓመት ሠርቻለሁ። አንዴ እንኳ አልጠየቅሁም። ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

ሁለተኛውን ወረቀት ሰጧት። ገና ማህተሙ አልደረቀም። ከነገ ጀምሮ የሴል ክፍሉ ተጠሪ ሆና እንደተመደበች፣ ፕሮቲኑ ከእሷ ወይም እሷ ካሠለጠነችው ሰው በቀር በማንም እጅ እንደማይከፈት ይላል። እህቴ መነጽሯን አስተካክላ አነበበችው፣ መልሳ አነበበችው፣ በመጨረሻ እጥፍ አድርጋ የጋዋኗ ኪስ ከተተችው።

«ታዲያ እስከ ዛሬ እንግዳ ሆኜ ነዋ የኖርኩት!» ብላ ሳቀች። ፕሮፌሰሯ ግን አልሳቁም፤ እጇን ይዘው ቆዩ።

በማግስቱ ጠዋት አዲስ የመጣ የፕሮቲን ብልቃጥ ከነመመሪያ ወረቀቱ ለማድረስ ፎቅ ስወጣ እህቴ ሴል ክፍሉ በር ላይ ቆማለች። ፀጉሯን ተሠርታ፣ አዲስ የታጠበ ጋዋን ለብሳለች። በየቀኑ በክርኗ ገፋ አድርጋ የምትገባበትን በር ዛሬ አልገፋችውም። ጣቷን አጥፋ ሦስት ጊዜ አንኳኳች።

«ማነው?» አለ ዶክተሩ ከውስጥ።

«አዲስ ተመድቤ ነው» አለች እህቴ። «ይግቡ ካላችሁኝ።»

ዶክተሩ መጥቶ በሩን እስከ ጥጉ ከፈተላት።